በስውር የተጻፈ ስም ማንን ይጠራል?

አንባቢ ሆይ! በባቡር ወደ ድሬዳዋ ለመጓዝ ቢያስቡና የጣቢያውን ስፍራ በእጅ ስልክዎ ለመፈለግ ቢነሡ ምን ብለው ይጽፋሉ? አባትዎ ቢሆኑ ኖሮ ሳያመነቱ «ለገሃር» ይሉ ነበር። ለገሃር «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወለደ ስም ነው፤ የጂቡቲው ምድር ባቡር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከከተማው ሕዝብ አፍ አልጠፋም። አዲሱ ባቡር ግን ከለገሃር አይነሣም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው መሥመር መነሻው ሰበታ ነው፤ ለአዲስ አበባ መንገደኞች የተሠራው ጣቢያም በከተማይቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኘው ፉሪ ለቡ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውለው። ጣቢያው አንድ ነው፤ የሚጠራበት ስም ግን ብዙ ነው። አንዱ «ለቡ ባቡር ጣቢያ» ይላል፤ ሁለተኛው «ፉሪ ለቡ» ይላል፤ ሦስተኛው እንደ ልማዱ «ለገሃር» ብሎ ይጽፋል፤ አራተኛው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ሰው በሚያውቀው ስም ይጠይቃል እንጂ የነገሩ ባለቤት ባወጣው ስም አይጠይቅም። በጠያቂውና በባለቤቱ መካከል ቆሞ ሁለቱን የሚያገናኘው የዘመናችን አማላጅ የፍለጋ ሞተር ይባላል። ይህም ጽሑፍ የተጻፈው፣ ሰዎች ለዚሁ አማላጅ ጆሮ በስውር ሹክ ሊሉበት የሞከሩትን አንድ አሮጌ ዘዴ፣ ዘዴው ስለ ምን እንደ ወደቀና በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ቢኖር ወደዚያው ወደ ፉሪ ይመልከት። የተራራው ስም ለሰፈሩም ስም ሆኖ ሲጠራ ቈይቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ፉሪ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። እንዲህ ባለ በፍጥነት በሚያድግ ስፍራ ቁም ሣጥንና አልጋ የሚሠራ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት የሚከፍት፣ ክሊኒክ የሚያቋቁም ሰው ጎረቤቱ ሳይቀር ገና አያውቀውም። ስለዚህ «ሰው ቢፈልገኝ ያግኘኝ» ብሎ ድረ ገጽ ያሠራል። ድረ ገጹን የሚሠራለት ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ወጣት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ በኢንተርኔት የሚለጥፈውስ? እርሱም ብዙውን ጊዜ ከሹማምንቱ ሁሉ ታናሹ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል።

የመዝገብ ቤቱ ምሳሌ

በመንግሥት ሥራ ላይ የዋለ ሰው መዝገብ ቤትን ሳያውቅ አይቀርም። እያንዳንዱ ፋይል በክዳኑ ላይ የጉዳዩ ርእስ ይጻፍበታል። አሁን ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ፋይል ሲጠየቅ የክዳኑን ጽሕፈት ብቻ አይቶ ያወጣል። ሁለተኛው ግን ፋይሉን ከፍቶ ወረቀቱን ያነባል፤ ሌሎች ፋይሎችም «የዚህን ፋይል ቍጥር ተመልከት» እያሉ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱት ይቈጥራል።

በመጀመሪያው ሠራተኛ ዘመን አንድ ብልጣብልጥ ባለጉዳይ ምን ያደርጋል? በፋይሉ ክዳን ላይ «መሬት፣ ጡረታ፣ ግብር፣ ሹመት፣ አስቸኳይ፣ በጣም አስቸኳይ» ብሎ ይደረድራል። የማንም ጉዳይ ሲፈለግ የእርሱ ፋይል አብሮ ይወጣል። ውስጡ ግን አንድ የአጥር ክርክር ብቻ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ሲበዙ የክዳኑ ጽሕፈት ዋጋ ያጣል፤ አስተዋይ የሆነ ሠራተኛም ክዳኑን ማየት ይተዋል።

የቁልፍ ቃላት ሜታ ታግ የሚባለው ነገር ይኸው የክዳን ጽሕፈት ነው። አንድ ድረ ገጽ ለዓይን የሚታይ ገጽታ አለው፤ ከኋላው ደግሞ ለኮምፒዩተሩ ብቻ የተጻፈ ኮድ አለው። በኮዱ ራስጌ ላይ፣ ጐብኚው በማያየው ስፍራ፣ የገጹን ጉዳይ ይገልጻሉ የተባሉ ቃላት በነጠላ ሰረዝ እየተለዩ ይደረደራሉ። ቃላቱ ለሰው አልተጻፉም። የተጻፉት ለፍለጋ ሞተሩ ብቻ ነው። የዘዴው ጥንካሬ የመሰለው ይህ ስውርነቱ ኋላ የውድቀቱ ምክንያት ሆነ።

አነሣሡና አወዳደቁ

የኢንተርኔት ፍለጋ ገና በሕፃንነቱ ሳለ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ገደማ፣ አልታቪስታና ኢንፎሲክ የሚባሉ ስመ ጥር የፍለጋ ሞተሮች ይህን መለያ ይቀበሉ ነበር። አሳቡም ክፉ አልነበረም። የገጹን ጉዳይ ከጻፈው ሰው ይልቅ የሚያውቅ የለምና፣ ባለቤቱ ራሱ ቃላቱን ቢያመለክት ለፍለጋው እርዳታ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ የመጽሐፉ ርእሰ ጉዳይ እንደሚጻፍ ያለ ነገር መሆኑ ነው። ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱን ካርድ የሚጽፈው ከመጽሐፉ ሽያጭ ጥቅም የማያገኝ ሠራተኛ ነው። የድረ ገጹን ካርድ ግን ሻጩ ራሱ ይጽፈው ጀመር።

ብዙ ሳይቈይ ፈተናው መጣ። አንድ ቃል መቶ ጊዜ የሚደጋግሙ ተነሡ፤ ከሥራቸው ጋር ዝምድና የሌለውን የታዋቂ ሰው ስም የሚከቱም ነበሩ። ከዚህም የባሰው የተወዳዳሪን ስም በራስ ገጽ ውስጥ መደበቅ ነበር። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚገኝ ኦፔዳልና ላርሰን የተባለ የጠበቆች ቢሮ ስሙ በማያገባቸው ሰዎች ገጽ ውስጥ በስውር ተጽፎ ቢያገኝ በ1997 ክስ መሠረተ። በ1999 ደግሞ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ብሩክፊልድ የተባለው ድርጅት ባቀረበው ክርክር ላይ፣ የሌላውን የንግድ ስም በሜታ ታግ ውስጥ መክተት በራስ ሱቅ ደጃፍ ላይ የጎረቤትን ሰሌዳ እንደ መስቀል ነው ሲል በምሳሌ አስረድቷል።

በዚሁ መካከል ሁለተኛው ዓይነት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መጣ። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1998 ጉግልን መሠረቱ። የእነርሱ ሞተር የገጹን የሚታይ ጽሑፍ ያነባል፤ ሌሎች ገጾችም ወደዚያ ገጽ ምን ያህል እንደሚያመለክቱ፣ የሚያመለክቱትም ራሳቸው ምን ያህል የተከበሩ እንደ ሆኑ ይመዝናል። ሰው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ሌላው ስለ እርሱ የሚሰጠውን ምስክርነት አስቀደመ ማለት ነው። አልታቪስታ በ2002 ስውሩን መለያ መቀበል ተወ። መስከረም 21 ቀን 2009 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ደግሞ የጉግሉ ማት ከትስ፣ ድርጅታቸው ለድረ ገጾች ደረጃ ሲሰጥ የቁልፍ ቃላትን ሜታ ታግ ፈጽሞ እንደማይጠቀምበት በግልጽ አስታወቀ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ይህ ሁሉ ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ዛሬም «ሃምሳ ቁልፍ ቃል ላስገባልዎ፣ በጉግል የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትወጣላችሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አይታጣም። ገዢው የተሠራለትን ሥራ በዓይኑ ሊያየው አይችልም፤ ቃላቱ በኮዱ ውስጥ ተሰውረዋልና። ቢጠይቅም «ገብቷል፣ ታገሥ» ይባላል። አናጢው የአንድ ቁም ሣጥን ትርፉን ለማይታይ ነገር ከፍሎ፣ ደንበኛ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ኋላ «ኢንተርኔት ውሸት ነው» ብሎ ይደመድማል። በዚህ ነገር የሚጎዳው አናጢው ብቻ አይደለም፤ በእውነት የተማረውም ወጣት እምነት ያጣል።

ስለዚህ ይህን ሥራ ለመያዝ ያሰቡ ተማሪ ከሆኑ፣ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ያስታውሱ። ስውር ቃላትን መደርደር ጥምጣሙ ነው፤ የገጹን ጽሑፍ አስተካክሎ መጻፍ ትምህርቱ ነው። ጥምጣሙ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ትምህርቱ ግን ደንበኛውን ቀርቦ መጠየቅን፣ ማዳመጥንና በጥሩ አማርኛ መጻፍን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ቁልፍ ቃል ራሱ ዋጋ የለውም አላልንም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ አኅጽሮት ግርጌ «ቁልፍ ቃላት» ብሎ አራት ወይም አምስት ቃል ሲጽፍ መልካም ያደርጋል፤ ቃላቱ በግልጽ ይታያሉ፣ መምህሩም ይመረምራቸዋል፣ የሚመጣውም ተመራማሪ በእነርሱ ተመርቶ ጽሑፉን ያገኛል። ልዩነቱ በግልጽነቱ ላይ ነው። በአደባባይ የተጻፈ ቃል ምስክር አለው፤ ተደብቆ የተጻፈ ቃል ግን ምስክር የለውም።

የፊደላችን ጣጣ

ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመለስ፣ ፈረንጆቹ የማያውቁት ሌላ ችግር እናገኛለን። ሞክሼ ፊደላት አሉን። ለጆሮ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። የዓለም ፊደላት ሁሉ በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ይለያያሉ።

እስቲ «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ተብሎ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሥ በሁለት፣ የመጨረሻውም ሴ በሁለት መንገድ ይጻፋል። ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ሃያ አራት ነው! ሃያ አራት አጻጻፍ ያለው አንድ ስም በሃያ አራት በር የተሸሸገ ሰው ይመስላል። አንዳንድ የፍለጋ ሞተሮች እነዚህን ፊደላት አንድ አድርገው እንዲቈጥሩ ይሠራሉ፤ በየድረ ገጹ ውስጥ ያለው ተራ መፈለጊያ ግን ብዙ ጊዜ ፊደልን ከፊደል ጋር ብቻ ያነጻጽራልና ጠያቂውን «የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

በፉሪና በአካባቢው ደግሞ የቋንቋና የጽሕፈት ልዩነት ይጨመራል። ሰበታን እንመልከት፦ በአማርኛ ሦስት ፊደል ናት፤ በእንግሊዝኛ ልማድ በስድስት የላቲን ፊደል ትጻፋለች፤ በኦሮምኛ ቁቤ ግን መጥበቅና መርዘሟን ለማሳየት ፊደል ይደራረባልና ስምንት ትሆናለች። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ገጹ አንዱን ብቻ ከያዘ ግን በሌሎቹ ሁለት የሚጠይቀውን ሰው ላያገኘው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ፈጽሞ የማይነበብ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ የተሠራው የላቲኑን ፊደል ቍጥር በግዕዝ መልክ በሚያሳዩ ፎንቶች ነበር። ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ለፍለጋ ሞተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። እንዲሁም ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። ፎቶው ማኅተሙን ስለሚያሳይ ይታመናል፤ ቃላቱ ግን በሥዕሉ ውስጥ ታስረው ይቀራሉ። እንዲህ ላለው ገጽ ሺህ ስውር ቁልፍ ቃል ቢጨመርለት አይፈታውም።

የመሥሪያ ቤት ስምና የባለጉዳይ ቃል

ከፊደሉ በላይ ደግሞ የቃሉ ምርጫ ይከብዳል። በአገራችን ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡት በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የሥራው የሕግ ስም «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ» ይባላል። ስሙ ጥሩ ነው፣ ሕጋዊም ነው። ነገር ግን አራስ ልጅዋን ታቅፋ በስልኳ የምትጠይቅ እናት «ወሳኝ ኩነት» ብላ ትጽፋለችን? እርስዋ የምትጽፈው «የልደት ካርድ ለማውጣት ምን ያስፈልጋል» ብላ ነው።

ማስታወቂያውን የሚጽፈው ጸሐፊ የሕጉን ስም ብቻ ይዞ ከጻፈ፣ እናቲቱ የምትፈልገውን ወረቀት ዝርዝር አታገኝም። በማግሥቱ ለታክሲ ከፍላ፣ ከሥራዋ ቀርታ፣ ተሰልፋ፣ «የባልሽን መታወቂያ አላመጣሽም፣ ተመለሽ» ትባላለች። ያን ሁሉ ድካም ያመጣው አንዲት ቃል በማስታወቂያው ላይ አለመኖርዋ ነው። ጸሐፊው ከሕጉ ስም አጠገብ «ይህም የልደት ካርድ ወይም የልደት ሰርተፊኬት የሚባለው ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ፣ ሕጉም ይከበር ነበር፣ እናቲቱም አትጉላላም ነበር። ቃሉ በስውሩ መለያ ውስጥ ቢጻፍ ግን ለእናቲቱም ለሞተሩም የሚረባ አይሆንም፤ የሚታይ ዐረፍተ ነገር ሲሆን ለሁለቱም ይነበባል።

የአናጢውም ነገር እንደዚሁ ነው። በሰሌዳው ላይ «የቤትና የቢሮ ዕቃዎች ማምረቻ» ብሎ ይጽፋል፤ ደንበኛው ግን «ቁም ሣጥን ፉሪ» ወይም «የአልጋ ዋጋ» ብሎ ይፈልጋል። በገጹ ላይ አልጋ የሚል ቃል ከሌለ፣ አልጋ ፈላጊ ስለ ምን ወደ እርሱ ይመጣል?

ምን ይደረግ?

እንግዲህ ስውሩን መንገድ ከተውን፣ ግልጹን መንገድ በአጭሩ እናመልክት።

አንደኛ፦ ለገጹ ርእስ ይስጡት። በብዙ ገጾች ርእስ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብቻ ተጽፎ እናያለን። ይህ ትሕትና ነው እንጂ ርእስ አይደለም። «በፉሪ የአልጋና የቁም ሣጥን ሥራ» የሚለው ሥራውንም ስፍራውንም ይናገራል፤ በፍለጋው ውጤት ላይም ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ይኸው ርእስ ነው።

ሁለተኛ፦ ከመጻፍዎ በፊት ያዳምጡ። ባለጉዳዮች በመስኮቱ በኩል ሲጠይቁ በምን ቃል እንደሚጠይቁ ለአንድ ሳምንት በማስታወሻ ይያዙ። ከዚያ የሚገኘው ዝርዝር ከተገዛ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን ስም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያገናኙ። የሕጉን ስም ከሕዝቡ ስም ጋር፣ የአማርኛውን አጻጻፍ ከኦሮምኛውና ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ጊዜ በግልጽ ይጻፉ። ነገር ግን ሃያ አራቱን አጻጻፍ በሙሉ አይደርድሩ፤ ይህ የድሮውን ስሕተት ከስውር ወደ ግልጽ ማውጣት ይሆናል። አንዱን አጻጻፍ መርጠው በእርሱ ይጽኑ።

አራተኛ፦ የማኅተሙን ፎቶ መለጠፍ ካስፈለገ ቃሉን ደግሞ በዩኒኮድ ፊደል ከሥሩ ይጻፉት። በስልክ የሚያነብ ሰው ይገለብጠዋል፤ ዓይኑን የታመመም ሰው በድምፅ ያስነብበዋል።

አምስተኛ፦ ከሜታ ታጎች ሁሉ አንዱን፣ መግለጫ የሚባለውን፣ አይናቁት። ጉግል ደረጃ ለመስጠት ባይጠቀምበትም፣ አንዳንድ ጊዜ በፍለጋው ውጤት ከርእሱ በታች የሚያሳየው ጽሑፍ ከዚያ የተወሰደ ነው። ሰው ያነበዋልና ለሰው እንደሚጻፍ አድርገው ሁለት እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ይጻፉበት።

ስድስተኛ፦ አድራሻውን በሚታወቅ ምልክት ያስረዱ። በአዲስ ሰፈር የቤት ቍጥር ብቻውን ለእንግዳ አይበቃም። «ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ወደዚህ ሲመጡ» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ለእግረኛም ለታክሲ ነጂም መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በማግሥቱ የመጀመሪያውን ስፍራ ያገኛል ብለን ተስፋ አንሰጥም፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሰጥ ቢመጣም አይመኑት። ምስክርነት የሚገኘው በጊዜ ነው። የአናጢው ደንበኛ ረክቶ ለወዳጁ ሲናገር፣ ትምህርት ቤቱን ሌላው ገጽ ሲጠቅሰው፣ የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ስሙ ይጸናል።

አባቶች «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። የድረ ገጹን ስምና ቃል የሚያወጣው ግን መልአክ አይደለም፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት ነው። ያ ወጣት እርስዎ ከሆኑ፣ ጣትዎን በፊደሉ ላይ ከማሳረፍዎ በፊት «ይህን የሚፈልገው ማን ነው? ምንስ ብሎ ይጠይቃል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱንም ሁሉም ሰው በሚያየው ስፍራ ይጻፉት።